ቀስተኛ ፋይተር 4ኛ ሌቭል ላይ ምን ይሻለዋል?

ጦሳ_ቀስተኛ፦
ሰላም ናችሁ? ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲ ኤንድ ዲ (ገጸ ባህሪ ይዘን በዳይስ የምንጫወተው የተረት ጨዋታ) እንጫወታለን በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ህግ፣ ፋይተሬ (ተዋጊ ገጸ ባህሪዬ) ቀስተኛ ነው አርቸሪ ስታይል (የቀስት መምቻ ላይ 2 የሚጨምር) ወስጃለሁ ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) 16 ነው፣ አሁን 4ኛ ሌቭል ልገባ ስለሆነ ሻርፕሹተር (የአነጣጣሪ ልዩ ችሎታ) ልውሰድ ወይስ ዴክሱን 18 ላድርገው? ባለፈው መብራት ሄዶ ዳይሱን በስልክ ባትሪ እያነበብን ሶስቴ ተከታትዬ ስቻለሁ ወላሂ ፈርቻለሁ

ሐይቅ_ዳር፦
አብሽር ሻርፕሹተር ውሰድ። ከመምቻው ዳይስ ውጤት 5 ትቀንስና ከመታህ ዳሜጁ (ጉዳቱ) ላይ 10 ትጨምራለህ፣ የአርቸሪው 2 ደግሞ ትንሽ ያካክስልሃል። ከባድ ጥሩር የለበሰ ላይ ግን አትሞክረው በኖርማሉ ተኩስ። በሎንግቦው (ረጅም ቀስት) ከ150 ጫማ አልፎ እስከ 600 ያለ ዲስአድቫንቴጅ (ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ዝቅተኛውን መውሰድ) ትመታለህ፣ ድንጋይ ተከልሎ በከፊል የሚታይም አያመልጥህም። 5ኛ ላይ ሁለቴ ትተኩሳለህ፣ ዴክሱን 6ኛ ላይ ታሳድገዋለህ፣ ፋይተር እዛም ማሳደጊያ ያገኛል እኮ

ቦርከና፦
እኔ ዴክስ እላለሁ፣ ኤሲውም (መከላከያው) ኢኒሼቲቩም (ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነው) አብሮ ያድጋል። ደሞ ዲኤማችሁ (ጨዋታውን የሚመራው) ወደ 2024ቱ ህግ ልቀይር ካለ ያቺ 5 ቀንሶ 10 መጨመር የለችም ጠይቀው

ጦሳ_ቀስተኛ፦
ጠየቅኩት፣ አልቀይርም አለ። ሻርፕሹተር ወሰድኩ በቃ፣ ቡና እየተፈላ ነው ቻው