«ቻንስል» ቅድስት ነው ወይስ መቅደስ?

ወልደ ንባብ፦ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ስላሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ፦ «ኔቩን ምእመናን፣ ቻንስሉን ሬክተሩ ያድሳሉ»። ኔቭ ምእመናን የሚቆሙበት ምዕራባዊው ሰፊ ክፍል፣ ቻንስል መንበሩ ያለበት ምሥራቃዊው ነው፤ ሬክተር የደብሩን ዋና ዐሥራት የሚወስደው ነው። ቅኔ ማኅሌትና መቅደስ ብላቸው ያስኬዳል?

ሰምና ወርቅ፦ አያስኬድም። ማኅሌት «ሐለየ» ከሚለው ነው፣ ዘመረ ማለት። በእኛ ዘንድ መዘምራን የሚቆሙት በውጨኛው ክፍል ነው። በእነሱ ግን የመዘምራኑ መቀመጫ ቻንስል ውስጥ፣ ከመንበሩ በፊት ግራና ቀኝ ተደርድሮ ነው። ኔቭን ቅኔ ማኅሌት ስትለው መዘምራኑን ከቦታቸው አፈናቀልካቸው።

ባሕረ ሐሳብ፦ ወደ ሥሩ እንሂድ። ኔቭ ከላቲኑ «ናቪስ» ነው፣ መርከብ። «ሐመር» ይባል። «ንዋየ ቅድሳት» ያለው ንዋይም ከዚሁ የወጣ ይመስለኛል።

እመ ፊደል፦ ወንድሜ፣ ንዋይን ተወው። ንዋይ ዕቃ፣ ገንዘብ ነው፤ የግእዝ ልጅ ነው፤ ድምፁ ስለተቀራረበ ከላቲን አይዛመድም። ሐመርም ለስብከት ያምራል እንጂ «ሐመሩን ምእመናን ያድሳሉ» ሲባል አንባቢ የሚያስበው ወደብ ነው። ቻንስል «ካንኬሊ» ከሚለው ላቲን ነው፣ ፍርግርግ ማለት፤ ካንስለር የሚባለው ሹመትም ከዚያው ነው። በኖርፎክ፣ ራንወርዝ ያለውን የቅድስት ሄለን፣ የእኛዋን እሌኒ፣ ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። በ15ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የእንጨት መለያ እስከ ወገብ ድረስ ድፍን ነው፤ ሐዋርያቱ በቀለም ተሥለውበታል፤ በጎን ሚካኤልና ጊዮርጊስ ከዘንዶ ጋር ይዋጋሉ። ከወገብ በላይ ግን የተፈለፈለ እንጨት ነው፤ መንበሩ በመሐሉ ይታያል።

ሰምና ወርቅ፦ እንግዲያው መንጦላዕት ነዋ።

እመ ፊደል፦ መንጦላዕት ይሰውራል። ይሄ ይለያል እንጂ አይሰውርም።

ግንበኛ፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ጥገና ዕዳ ነው። በመካከለኛው ዘመን ዋናውን ዐሥራት የሚወስደው ሬክተር ቻንስሉን፣ ምእመናን ኔቩን የመጠገን ግዴታ ነበረባቸው። ገዳማቱ በ1530ዎቹ ሲዘጉ የዐሥራቱ መብት ወደ ባለመሬቶች ዞረ፤ ዕዳውም ተከትሎ ሄደ። በወርዊክሻየር፣ አስተን ካንትሎ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የፈረደው የመሬቱ ባለቤቶች የቻንስሉን ጥገና እንዲከፍሉ ነው። በደቡብ በኩል ቆማችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ኔቩ ከፍ ብሎ፣ ቻንስሉ ዝቅ ብሎ፣ ክዳኑም ተለያይቶ ካገኛችሁት፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ከፋይ መኖሩ ነው። የግድግዳው ድንጋይ፣ ባልጩቱ፣ ግን አንድ ነው።

ባሕረ ሐሳብ፦ ባልጩት በአገራችን የእሳተ ገሞራ ጥቁር መስታወት ነው። የኖርፎኩ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ስሙን አትውረስለት።

ግንበኛ፦ ሁለቱም ሲሰበሩ ስለት ያወጣሉ፤ ባልጩት ማለት ለእኔ እሱ ነው። ልዩነቱ ግንቡ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ ውሃ አይመጥም፤ ስለዚህ የኖራው ጭቃ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ጥቂት ረድፍ ገንብተህ እስኪጠነክር ካልጠበቅህ ግድግዳው ይንሸራተታል። በሲሚንቶ የመረገው ደግሞ እርጥበቱን ያስቀርበታል፤ ውርጭ ሲመጣ ፊቱ ይላጣል። ማዕዘን የሚሆን ጥርብ ድንጋይም ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ በአውራጃው ከ120 በላይ ክብ የደወል ግንቦች የቆሙት ክብ ግንብ ማዕዘን ስለማይፈልግ ነው የሚሉ አሉ።

ባሕረ ሐሳብ፦ ታዲያ ለኔቩ ማዕዘን የሚሆን ድንጋይ ከየት አገኙ? ምክንያቱ ያ አይመስለኝም።

ሰምና ወርቅ፦ ወደ ቃሉ እንመለስ። ቻንስል «ቅድስት» ቢባልስ?

እመ ፊደል፦ ቅድስት ቆራቢዎች የሚቆሙበት ነው። ሬክተሩ የሚያድሰው ግን መንበሩንም የያዘ ክፍል ነው። ቅድስት ካልከው መንበሩ ውጭ ይቀራል።

ወልደ ንባብ፦ ሬክተርንስ አለቃ ልበለው?

ሰምና ወርቅ፦ ገበዝ በለው።

እመ ፊደል፦ ገበዝ ጠባቂና አስተዳዳሪ ነው፤ የዐሥራቱ ባለቤት አይደለም።