የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ሲነቀል «90 በመቶው ሪሳይክል ይሆናል» የሚባለው ምን ያህል ያስኬዳል?

ሞገዱ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ሰሜን ባሕር ነው። እንደ ዴንማርኩ ሆርንስ ሬቭ 1 (80 ተርባይን፣ 2002፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር) ያሉት ቀደምት የነፋስ ኃይል ፓርኮች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። እንዲህ ያለውን እንውሰድ፦ 2 ሜጋዋት ተርባይን፣ የብረት ሞኖፓይል (ባሕር ወለል ውስጥ የተተከለ ትልቅ የመሠረት ቱቦ)፣ በላዩ በግራውት (በሚፈስ የስሚንቶ ሙሌት) የታሰረ መሸጋገሪያ ቱቦ፣ የፋይበር ግላስ (የመስታወት ክር) እና የኢፖክሲ (የሚደርቅ ሙጫ) ክንፍ፣ 33 ኪሎቮልት ገደማ ኬብል። ስለ ማፍረስ ሲወራ ሁሌም «ከክብደቱ ከ85 እስከ 90 በመቶው ሪሳይክል ይሆናል» ይባላል። ይህ ቁጥር ምን ይሸፍናል? የማፍረሻ ጨረታ ሲወጣስ ዑደታዊ ኢኮኖሚው (ቁሳቁስን ሳይጥሉ ደጋግሞ መጠቀም) ወረቀት ላይ እንዳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ ምን ይግባ?

ብረት ቆራጭ
ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሚለካው ግን በክብደት ነው። ታወሩም (ምሰሶው) መሠረቱም ብረት ስለሆነ ሌላው ሁሉ ቢጣል እንኳ መቶኛው ያምራል። ከባሕር ወለል በታች ተቆርጦ የሚቀረው የሞኖፓይል ክፍልም ከስሌቱ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «90 በመቶ የምኑ? የተተከለው ወይስ ወደብ የደረሰው?» ብለህ ጠይቅ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ሞኖፓይሉ ውስጥ ያለው አሸዋ ከመቁረጫው መስመር አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ እስኪል ተመጥጦ ይወጣል። ከዚያ መሣሪያው ወደ ውስጥ ይወርድና ደቃቅ ጠጠር የተቀላቀለበትን ውሃ በከፍተኛ ግፊት እየረጨ ዙሪያውን ይቆርጣል። አሸዋው በደንብ ካልወጣ ወይም የመርጫው አፍንጫ ከግድግዳው ከራቀ ጥቂት ሴንቲሜትር ሳይቆረጥ ያመልጣል። ይህ የሚታወቀው ክሬኑ መሳብ ሲጀምር ነው፤ የጭነት መለኪያው ከቱቦው ክብደት በላይ ያነባል፣ ቱቦው ግን ንቅንቅ አይልም። ያኔ መሣሪያውን መልሶ ማውረድ እንጂ በጉልበት መጎተት የለም። የክሬን መርከብ የሚከፈለው በቀን ሂሳብ ስለሆነ ተቋራጩ የሚጣደፈው እዚህ ላይ ነው።

ግራውቱ ሌላ ጣጣ ነው። በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ያለው ቀለበት እንደ ቡሎን አይፈታም፤ ሁለቱም አብረው ተነስተው ወደብ ላይ ተሰንጥቀው ነው የሚላቀቁት። ግራውት የተጣበቀበትን ብረት ማቅለጫዎች ወይ ዋጋ ይሰብሩበታል ወይ አይቀበሉትም። የዝገት መከላከያ አኖዶቹ (በብረቱ ፈንታ የሚበሉት ቁራጮች) አሉሚኒየም ስለሆኑ ለብቻ ይቆረጡ። ታወሩ ውስጥ ያለው የመዳብ ኬብልም የቁርጥራጭ መቁረጫው ትልቅ መቀስ ከመግባቱ በፊት ይውጣ፤ መዳብ ከብረት ጋር አንዴ ከቀለጠ አይለይም፣ ብረቱም በትኩሱ ሲዳመጥ ገጹ ይሰነጣጠቃል። ወፍራም ቁርጥራጭ በአውሮፓ መለኪያ ከ1.5 በ0.5 በ0.5 ሜትር መብለጥ ስለሌለበት የመቁረጫውን ጋዝና ጉልበት ከወዲሁ አስበው። የኤስ355 ደረጃውን (የግንባታ ብረት የጥንካሬ ደረጃ ነው) የሚመሰክረው የፋብሪካ ሰርተፍኬት ካለ ደግሞ ከብረቱ ጋር ይሂድ። ያለ እሱ ደህናው ላሜራ ተራ ቁርጥራጭ ሆኖ ይሸጣል።

ሙጫና ክር
ክንፉ በክብደት ትንሽ ነው፤ ራስ ምታቱ ግን እሱ ነው። ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ ዳግም አይቀልጥም። አሁን በብዛት የሚሠራበት መንገድ ስሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ ሬዚኑ (ሙጫው) ነዳጅ ይሆናል፣ የመስታወቱ ክር ደግሞ በሲሊካው አሸዋን ይተካል። እኔ ይህን ዑደት አልለውም፤ ክሩ ክር ሆኖ አይመለስማ። ከመቅበር ግን ይሻላል።

ወደ ምድጃው ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። ካርቦን ፋይበር ያለበት ክንፍ ከሆነ የተሸካሚው ክፍል ተቆርጦ ይለይ፤ ካርቦን በደንብ ሳይቃጠል ያልፍና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆነው ብናኝ የጭስ ማጣሪያውን ሾርት ያደርገዋል። ውስጡ የፒቪሲ ፎም (ክሎሪን ያለው የፕላስቲክ ስፖንጅ) ካለ ክሎሪኑ ምድጃው ውስጥ ቅርፊት ይሠራል። የመስታወት ክሩ ቦሮን ስላለው ሲበዛ ስሚንቶው ቶሎ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ፋብሪካው መጠኑን ይገድባል። የክንፉ የቁሳቁስ ዝርዝር ከአምራቹ ካልተገኘ ናሙና ቆርጦ ማየት ግድ ነው። መቁረጡም ወደብ ላይ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ውሃውም ተጣርቶ መሆን አለበት። በደረቁ ከተቆረጠ ብናኙ ሳንባ ይገባል፣ የቀረው ወደ ባሕር ይነፍሳል።

ፒሮሊሲስም አለ፤ አየር በሌለበት ከ450 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ነው። ለካርቦን ጥሩ ነው። የመስታወት ክር ግን በዚያ ሙቀት ጥንካሬው ክፉኛ ይወርዳል፣ አዲሱም ርካሽ ስለሆነ ገዢ የለውም።

አዲሶቹ ክንፎች ይሻላሉ። ሲመንስ ጋሜሳ በ2021 ያስተዋወቀው ሬዚን ሞቅ ባለ ቀላል አሲድ ይሟሟል፤ በ2022 በጀርመን ካስካሲ ፓርክ ባሕር ላይ ተተክሏል። የአንተዎቹ ክንፎች ከዚያ በፊት ስለሆኑ አያገኛቸውም።

ማርሽ ቤት
ሁለታችሁም ከማቅለጥና ከመፍጨት ጀመራችሁ። ትልቁ ዋጋ ከዚያ በፊት ያለው ነው። በስዊድን የይትሬ ስቴንግሩንድ 5 ተርባይኖች በ2001 ተተክለው ከ15 ዓመት በኋላ ገደማ የተነቀሉት መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ስለሆነና ማደሱ ስላላዋጣ ነው። ከአንድ ፓርክ የሚነቀል ጊርቦክስ (የማርሽ ሳጥን)፣ የፒች ሲሊንደር (ክንፉን በራሱ ዘንግ የሚያዞር)፣ የያው ሞተር (ራሱን ወደ ነፋሱ የሚያዞር)፣ የኮንቨርተር ሞጁል (ኤሌክትሪኩን ለመስመሩ የሚያስተካክል) ያንኑ ሞዴል ለሚያሠራ ሌላ ፓርክ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጨረታው ውስጥ «የሚቀመጡ ክፍሎች» የሚል ዝርዝር ከነ መለያ ቁጥራቸው ይግባ። ዝርዝሩ ከሌለ ተቋራጩ ሁሉንም በጥድፊያ ወርውሮ ያወርዳል።

አቀማመጡም እውቀት ይፈልጋል። ጊርቦክስ ዘይቱ ወጥቶ ባዶውን ከቆመ ቤሪንጉ እርጥበት ይበላዋል፤ መከላከያ ዘይት ይሞላ፣ ዘንጉም በየጊዜው ይዙር። ክንፍ የሚሸጠው በሦስት ስብስብ ነው፤ ሦስቱ በክብደት ሚዛን የተዛመዱ ስለሆኑ አንዱ ወርዶ ከተሰበረ የሌሎቹ ሁለት ዋጋም አብሮ ይወድቃል።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ፣ የዴንማርኩ ቪንደቢ (1991፣ 11 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 450 ኪሎዋት) በ2017 ሲፈርስ የኮንክሪት መሠረቶቹ እዚያው ተሰባብረው ነው የተለቀሙት። በ25 ዓመት ያመነጨው 243 ጊጋዋት ሰዓት ነበር፤ ዛሬ አንድ የ15 ሜጋዋት ተርባይን በአራት ዓመት ገደማ ይደርስበታል።

ሞገዱ
በጣም አመሰግናለሁ። ጄኔሬተር ውስጥ አለ የሚባለው የማግኔቱስ ነገር? ኬብሉስ?

ብረት ቆራጭ
አንተ በጠቀስከው ዓይነት ቀደምት ባለ ጊርቦክስ ተርባይን ዋናው ጄኔሬተር ውስጥ ቋሚ ማግኔት የለም። ጣጣው በዋናነት ቋሚ ማግኔት ይዘው ያለ ማርሽ በሚሠሩት ይመጣል፤ እነሱ በሜጋዋት 600 ኪሎ ገደማ የኒዮዲሚየም ማግኔት ይይዛሉ። የኛው የአዳማ 1 ተርባይኖች (34 ጎልድዊንድ፣ 1.5 ሜጋዋት) ያለ ማርሽ ስለሆኑ ጥያቄው አንድ ቀን አዳማም መድረሱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ሮተር እንዳለ ወደ መቀስ አይገባም፤ ብናኙ እሳት ይይዛል፣ ማግኔቱም መሣሪያ ይነጥቃል። መጀመሪያ ከ300 ዲግሪ በላይ ተሞቆ ኃይሉ ይጠፋል፣ ከዚያ ይለቀማል።

ኬብሉ ውስጥ ያለው መዳብ ያዋጣል። ሽቦውን የሚሸፍነው የኤክስኤልፒኢ ፕላስቲክ ግን ዳግም አይቀልጥም፣ አብዛኛው ይቃጠላል። ጫፎቹ ላይ ድንጋይ የተከመረባቸውን መጀመሪያ ካልገለጥክ ኬብሉ ሲሳብ ይበጠሳል።

አንድ የተረሳ፦ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኤስኤፍ6 ጋዝ (የኤሌክትሪክ መከላከያ ጋዝ)። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ጋዙን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወደ ሲሊንደር ይምጠጠው፤ ሚዛኑም ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ኪሎ ጋር ይመሳከር። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው፣ ደረሰኙም ያንን ያሳያል።