‘ቴክ’ ሁሉ ‘ወሰደ’ ነው ወይ? ከመድኃኒት ወረቀት የተነሣ የቃላት ውይይት

ከኮምቦልቻ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፦

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ። ለመድኃኒት ቤታችን ደንበኞች የሚታደል አጭር የአጠቃቀም ወረቀት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በእንግሊዝኛው በየመስመሩ የሚመጣው ግስ ‘ቴክ’ ነው። አንድ ፍሬ ‘ቴክ’፣ ከምግብ ጋር ‘ቴክ’፣ በባዶ ሆድ ‘ቴክ’። የተለመደው ትርጉም ‘ይውሰዱ’ ነው፤ እኔን ግን ይቆረቁረኛል። በቀደም አንዲት እናት ለቀጠሮ ሲመጡ «መድኃኒቱን ወስደዋል ወይ?» ብላቸው «አዎን ልጄ፣ ወስጃለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከኛ መስኮት ተቀብለው ቤታቸው ወስደው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውታል። አልዋጡትም። ታዲያ ‘ይዋጡ’ ልበል? ሽሮፕ ሲሆንስ? ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረዋልና ግሱን ከሥሩ ቢያብራሩልን።

ከደሴ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፦

አብሽሪ ልጄ። እኒያ እናት አማርኛውን በትክክል ሰምተው በትክክል መልሰውልሻል። ‘ወሰደ’ አንድን ነገር ካለበት አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ማድረስ ነው። ጎረቤት ወንፊት ወሰደች፣ አባት ልጁን ትምህርት ቤት ወሰደው፣ ክረምት ላይ ቦርከና ሞልቶ አጥር ወሰደ እንላለን። በሁሉም ውስጥ መነሻ አለ፣ ርቆ መሄድ አለ። ወደ ሆድ መግባት ግን የለበትም።

የእንግሊዝኛው ‘ቴክ’ ከዚህ በጣም ይሰፋል። ግሱን እንግሊዞች ራሳቸው ከውጭ ነው የተቀበሉት። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ባሕር ተሻግረው በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ‘ታካ’ ይሉ ነበር፤ መንካት፣ መጨበጥ፣ መያዝ ማለት ነው። እንግሊዞች ቀድሞ ለዚህ ‘ኒማን’ የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ ጀርመኖች ዛሬም ‘ኔመን’ የሚሉት ዘመዱ ነው። ‘ታካ’ ቀስ በቀስ ገፋውና ‘ኒማን’ ከቋንቋው ወጣ። ትራፊው ግን አንቺ ሙያ ውስጥ አለ። ጥርስ ሊነቀል ሲል የደነዘዘውን ድድ እንግሊዞች ‘ነም’ ይሉታል፤ ቃሉ ከ‘ኒማን’ የቀረ ነው፣ ስሜቱ የተወሰደበት እንደማለት።

ከመጨበጥ የተነሣ ግስ ስለሆነ ‘ቴክ’ ማንሣትን፣ መያዝን፣ መቀበልን፣ ይዞ መሄድን፣ ወደ ራስ ማስገባትን አንድ ላይ ይሸከማል። አማርኛ እነዚህን ለእያንዳንዳቸው ግስ ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ስትተርጉሚ ከግሱ በፊት ስሙን እዪ። ኪኒን ይዋጣል። ሽሮፕ ይጠጣል፤ ለሕፃን ሲሆን ያጠጡታል። የሚታኘክ ኪኒን ይታኘካል፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን እንዳይውጡት ብለሽ ጻፊ፣ ምክንያቱም እዚያ ‘ይውሰዱ’ ካልሽ ሰው ይውጠዋል። የአስም መድኃኒት ወደ ውስጥ ይሳባል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠው ኦአርኤስ በወረቀቱ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው። መርፌን ሰው ይወጋል። ለቅባትና ለዓይን ጠብታ እንግሊዝኛውም ‘ቴክ’ አይልም፤ ቅባት ይቀባል፣ ጠብታው ዓይን ውስጥ ይጨመራል።

በሕክምናው በኩል ደግሞ ሐኪሙም ‘ቴክ’ ያደርጋል። የሰውነት ሙቀት ‘ቴክ’ ሲባል ይለካል፣ የልብ ትርታ ይቆጠራል፣ ደም ይቀዳል፣ የሕመሙ ታሪክ ይጠየቃል። አራት ሥራ ነው፣ አራት ግስ አለን። «ሙቀትዎን ልውሰድ» የሚል ነርስ ብሰማ ያሳዝነኛል፤ ‘ልለካ’ የሚለው ቃል እዚያው በአፋችን እያለ።

ከሸዋ በር፣ ተርጓሚ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልሞግት። ‘መድኃኒት ወሰደ’ ሥር ሰዷል፤ ሐኪሙም ታማሚውም ይሉታል። ‘እርምጃ ወሰደ’ንስ ዛሬ ማን ይነቅለዋል? ‘ኃላፊነት ወሰደ’፣ ‘ኮርስ ወሰደ’፣ ‘ፈተና ወሰደ’፣ ‘ጊዜ ወሰደ’፣ ‘ሻወር ወሰደ’ ሁሉም በየቀኑ የሚነገር ነው። እንግሊዞቹ የራሳቸውን ግስ ጥለው የእንግዳ ግስ ከተቀበሉ፣ እኛ አንድ የራሳችንን ግስ ትንሽ ብናሰፋው ምን ይጎዳናል?

ከደሴ፣ መምህሩ፦

ጥሩ ሙግት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላየውም። ‘እርምጃ ወሰደ’ን እኔም እጽፈዋለሁ፤ የሚተካው አጭር ግስ የለኝም። ‘ኮርስ ወሰደ’ም ይሁን፤ ስሙም ሥርዓቱም ከውጭ አብሮ የመጣ ነው። ‘ኃላፊነት ወሰደ’ ላይ ‘ተሸከመ’ን እመርጣለሁ፤ ክብደቱን ያሳያል፤ ነገር ግን ሌላው ሲለው አላርመውም።

‘ስልጠና ወሰደ’ ለብቻው ይታይልኝ። ብዙዎች ‘ሠለጠነ’ በሉ ይላሉ። እኔ ልዩነት አለው እላለሁ። ‘ሠለጠነ’ ስትል ሙያው ገብቶታል፣ እጁ ለምዷል ማለትህ ነው። ‘ስልጠና ወሰደ’ ግን መሳተፉን ብቻ ይነግረናል። ይህ ልዩነት ለቅጥር ማስታወቂያም፣ ለምስክር ወረቀትም ይጠቅማል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የመጣው አነጋገር አንድ ጎድሎ የነበረ ነገር ሞልቷል።

የምቆጨው ሕያው ግስ በሚገፋበት ቦታ ነው። ‘ሻወር ወሰደ’ ‘ታጠበ’ን ያስረሳል። ‘ጊዜ ወሰደ’ ‘ፈጀ’ን ያስረሳል፤ ‘ፈጀ’ ደግሞ ትልቅ ግስ ነው። እሳት ቤት ፈጀ፣ ድግስ ገንዘብ ፈጀ፣ ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ ስንል ጊዜውንም እንደሚያልቅ ሀብት እናየዋለን። ‘ወሰደ’ ይህን አይናገርም። ‘ፈተና ወሰደ’ም ‘ተፈተነ’ እያለ የመጣ ነው። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው በ‘ቴክ’ አይስማሙም። አሜሪካኖች ሻወር ‘ቴክ’ ሲሉ ብሪታንያውያን በብዛት ‘ሀቭ’ ይላሉ። ለፈተና ብሪታንያውያን ‘ሲት’ ማለት ይወዳሉ፤ ‘ለፈተና ተቀመጠ’ የምንለውም ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል። ለውሳኔ ደግሞ ይገለበጣል፦ በብሪታንያ ‘ቴክ’ም ይባላል፣ አሜሪካኖች ‘ሜክ’ን ይመርጣሉ። እኛ አንዲት ‘ወሰነ’ ትበቃናለች።

ወደ መድኃኒቱ ስመለስ ግን አልደራደርም። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። የጤና ባለሙያ ታማሚው ኪኒኑን ሲውጥ በዓይኑ እንዲያይ የሚደረግበት አሠራር የመጣው፣ መድኃኒትን መረከብና መዋጥ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። በአንድ ግስ ሁለቱን ካጠቃለልን ጥያቄያችንም መልሱም ይደበላለቃል። ‘ኒማን’ በ‘ታካ’ ሲተካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ወስዷል... ይኸው፣ ፈጅቷል ልበል፤ የኮምቦልቻዋ ደንበኛ ግን ዛሬ ማታ ነው ኪኒኑን መዋጥ ያለባት።

ከሆጤ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦

ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ከመድኃኒት ውጭ ልጠይቅ። ባጃጅ ‘ቴክ’ ማድረግስ? ከግሱ ጋር የሚገጣጠሙት እነ ‘ኦፍ’፣ ‘ኢን’፣ ‘አፍተር’ም ግራ ያጋቡኛል።

ከደሴ፣ መምህሩ፦

ባጃጅ ይያዛል። «ከፒያሳ ሆጤ ባጃጅ ይዤ መጣሁ» ስትል ተሳፍረህ ነው፤ «ባጃጁን ወሰድኩት» ካልክ መኪናው ራሱ አንተ ዘንድ ነው ማለት ነው። መንገድም ይያዛል፤ ሹፌሩ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ እንላለን። ማስታወሻ ይያዛል፣ ወንበር ይያዛል፣ ነገር መልክ ይይዛል። እንግሊዝኛው ‘ቴክ’ በሚልበት ከ‘ወሰደ’ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ‘ያዘ’ ነው፤ ‘ታካ’ም በመሠረቱ መጨበጥ ነበርና አያስገርምም። ፎቶ ግን ይነሣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። እንግሊዙ ጉንፋንን ሰውዬው እንደያዘው አድርጎ ይናገራል። በአማርኛ ጉንፋኑ ነው ሰውን የሚይዘው፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘው፣ ምጥ ያዛት። ሰውየው ተያዥ ነው። ‘ወሰደ’ም በዚህ በኩል የራሱ፣ ከማንም ያልተቀዳ ቤት አለው። እንቅልፍ ወሰደኝ። ሐሳብ ወሰደኝ። ጎርፍ ወሰደው። ልቧን ወሰደው። በነዚህ ሁሉ ከሰው የሚበልጥ ኃይል መጥቶ ሰውን ካለበት ይነቅለዋል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አጠገብህ ተኝቶ ሳለ የለም። «መድኃኒት ወሰደኝ» ብንል ምን ያህል ሌላ ነገር እንደሚሆን አስበው። ልጆቻችን ‘ወሰደ’ን መማር ያለባቸው ከነዚህ ነው እላለሁ፤ የግሱ ጉልበት እዚህ ነውና።

ስለ ተጣማሪዎቹ፦ ‘ቴክ ኦፍ’ ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስለሚሄድ አውሮፕላን ከሆነ ተነሣ፣ ስለ ጫማና ሸሚዝ ከሆነ አወለቀ። ‘ቴክ አፍተር’ ልጅ ወላጁን ወይም ዘመዱን ሲመስል ነው፤ ጓደኛን ስለ መምሰል አይባልም። «ቁርጥ አባቱን» በለው፤ ግስ እንኳ አያስፈልገውም። ‘ቴክ ኢን’ ብዙ መልክ አለው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀሚስ ማጥበብ ነው። ንግግር ሲሆን መረዳት። በተደራጊ ሲመጣ መታለል ሊሆን ይችላል። ቤት ለሌለው ሰው ሲሆን ማስጠጋት ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ‘ወደ ውስጥ ወሰደው’ ብለው የተረጎሙ አይቻለሁ፤ ‘አስጠጋ’ን የሚያህል ግስ ያለው ሕዝብ እንዲህ መጻፍ የለበትም።

ከፒያሳ፣ ዐረብኛ የሚያስተምሩ አባል፦

ጋሼ መልስዎን በ‘አብሽሪ’ ስለከፈቱ አንድ ልጨምር። እንግሊዞች ‘ቴክ ሃርት’ ይላሉ፤ ቃል በቃል ልብ ያዝ እንደማለት ነው። የአማርኛው ‘አይዞህ’ ይመልሰዋል፤ ለኛ ለወሎዬዎች ግን ‘አብሽር’ ነው፣ ለሴት ‘አብሽሪ’፣ ለብዙ ‘አብሽሩ’። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በምሥራች ደስ ይበልህ ማለት ነው። የግእዙ ‘አብሠረ’ እና ‘ብሥራት’ ከዚያው ሥር ናቸው። ስለዚህ አንዱ ‘አብሽር’ ሲል ሌላው ‘ብሥራት’ ሲል ሁለቱም አንድ ሥር እየጠሩ ነው። ወሎ ውስጥ ቃሉን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። በትርጉም ላይ ‘አይዞህ’ እና ‘አብሽር’ ትንሽ ይለያያሉ፤ ‘አይዞህ’ ፍርሃትን ያባርራል፣ ‘አብሽር’ መልካም ነገር እየመጣ ነው ይላል። ‘ቴክ ሃርት’ ከሁለተኛው ጋር ይበልጥ ይቀራረባል።

ከኮምቦልቻ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፦

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እስካሁን የጻፍኩትን እነሆ፦

«ኪኒኑን በየ8 ሰዓቱ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ፣ በብዙ ውሃ ይዋጡ። ሽሮፑን ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው በመለኪያው ይጠጡ። የብረት ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይዋጡ። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩን።»

ከሸዋ በር፣ ተርጓሚ፦

ስለ ብረቱ ኪኒን የጻፍሽው ለወሎ ቤት በጣም ያስፈልጋል፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ነውና፣ ቡናና ሻይ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሱታል። ‘በየ8 ሰዓቱ’ ግን ያሰጋኛል። በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለት የምሳ ሰዓት ያለፈበት የቀን ሰዓት ስለሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ በ8 ሰዓት የሚል የሚመስለው ይኖራል። ሰዓቶቹን በስማቸው ጥሪያቸው፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። በመሐላቸው ስምንት ስምንት ሰዓት አለ።

ከኮምቦልቻ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፦

አስተካክዬዋለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቸግሮኛል። ደንበኛው ቤቱ ያለው መድኃኒት ኪኒን ይሁን ቅባት ይሁን መርፌ አላውቅም። ‘የሚውጡ ከሆነ’ ካልኩ የኢንሱሊን ተጠቃሚው ይቀርብኛል።

ከደሴ፣ መምህሩ፦

እዚያ ላይ ‘የሚጠቀሙ’ በዪ። የሚዋጠውንም የሚቀባውንም የሚወጉትንም ያቅፋል፣ ቤት ወስዶ ማስቀመጥን ግን አይጨምርም። «ሌላ መድኃኒት የሚጠቀሙ ከሆነ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አስቀድመው ይንገሩን።» የባህሉን አትተዪው፤ ብዙ ሰው እሱን ከመድኃኒት ስለማይቆጥረው ካልጠየቅሽው አይነግርሽም።