ክርክር፦ ግሪንላንድ የኩዋነርሱይትን ተራራ ትቆፍር ወይስ ትተወው?

ብርሃነ ሰሜን፦
በዴንማርክ ሥር ስላለችው ደሴት ስለ ግሪንላንድ ሲነሳ የምንከራከረው አሜሪካ ትወስዳታለች፣ አትወስዳትም በሚለው ብቻ ሆኗል። እኔ የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ለዓመታት የተሟገቱበትን ጉዳይ ላንሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደቡብ ግሪንላንድ ናርሳክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ያለው የኩዋነርሱይት ተራራ ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ለነፋስ ተርባይን የሚፈለጉትን ብርቅዬ ማዕድናት በብዛት ይዟል። ዩራኒየምም እዚያው አለት ውስጥ ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማውጣት አይቻልም።

በ2013 ፓርላማው የቆየውን የዩራኒየም ክልከላ በ15 ለ14 ድምፅ አነሳ። በ2021 በዚሁ ማዕድን ሰበብ ጥምር መንግሥቱ ፈርሶ ምርጫ ተጠራ። ፕሮጀክቱን የተቃወመው ኢኑይት አታካቲጊት ፓርቲ አሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአንድ ቶን አለት ውስጥ ከ100 ግራም በላይ ዩራኒየም ያለበትን ክምችት ማልማት በሕግ ታገደ። እኔ እገዳው ትክክል ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የድንጋይ ሰው፦
እኔ አልስማማም። ሕዝቡ 57 ሺህ ያህል ነው። ከወጪ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዓሣና ሽሪምፕ ነው። ከመንግሥት በጀት ግማሽ ያህሉን የሚሸፍነው የዴንማርክ ዓመታዊ ድጎማ ነው። የ2009 የራስ አስተዳደር ሕግ የከርሰ ምድሩን ሀብት ለግሪንላንድ አስረክቧል፤ በሕዝበ ውሳኔ ነፃ የመውጣት መንገድንም ከፍቷል። መብቱን ተቀብሎ ሀብቱን መሬት ውስጥ ቀብሮ መቀመጥ በዴንማርክ ደጅ መጥናት ነው። በዚያ ላይ ዓለም ብርቅዬ ማዕድናትን በአብዛኛው የሚያገኘው ከቻይና ነው። ይህን ጥገኝነት ለመስበር ሁሉም አማራጭ በሚፈልግበት ጊዜ እንዲህ ያለ የመደራደሪያ አቅም ማባከን ያሳዝናል።

ብርሃነ ሰሜን፦
ወንድሜ የድንጋይ ሰው፣ ያንኑ ሕግ እስከ መጨረሻው አንብበው። የግሪንላንድ መንግሥት ከማዕድን የሚያገኘው ገቢ በዓመት ከ75 ሚሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ካለፈ፣ ካለፈው ገንዘብ ግማሹ ከድጎማው ይቀነሳል። ድጎማው ደግሞ 4 ቢሊዮን ክሮነር ያህል ነው። ስለዚህ ገቢው ባደገ ቁጥር ወጪው የሚቀልለት የኮፐንሃገን ግምጃ ቤትም ተጠቃሚ ነው። አንድ ማዕድን ነፃ አገር ያቆማል ማለት ከሂሳቡ ጋር አይገጥምም። የቻይናን ጥገኝነት ያነሳኸውም አልገባኝም፤ የዚህ ፕሮጀክት ትልቅ ባለድርሻና አጋር የቻይናው ኩባንያ ሼንግሄ አይደለም እንዴ?

ጉዳቱ ግን የናርሳክ ብቻ ነው። በዕቅዱ መሠረት አለቱ ተፈጭቶ ማዕድኑ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭ ከከተማዋ በላይ ባለው ታሴክ በተባለ ሐይቅ ውስጥ ሊከማች ነበር። ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበትን ዝቃጭ ማዕድኑ ካለቀና ኩባንያው ከሄደም በኋላ ግድብ ይዞት ሊኖር ነው። ከሐይቁ በታች ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ አካባቢው ግሪንላንድ በግ የምታረባበት ብርቅ መሬት ነው። ጉድጓዱ ክፍት ስለሆነ ብናኙን ነፋስ ወደ ግጦሹና ወደ ከተማው ይወስደዋል ብለው የሰጉትን ሰዎች ላላዋቂነታቸው የሚወቅስ ካለ እኔ አብሬው አልቆምም።

ዝምተኛዋ፦
ታሪኩንም እንመልከት። በግሪንላንዷ ዲስኮ ደሴት ላይ ኩሊሳት የሚባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበር። ሥራው በ1924 ተጀመረ፤ በ1972 አያዋጣም ተብሎ ተዘጋና ከሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተነ። ለአሉሚኒየም ሥራ የሚያገለግለው ክሪዮላይት ይወጣበት የነበረው ኢቪቱትም ክምችቱ ሲያልቅ ሰው አልባ ሆነ። ናርሳክ ሦስተኛዋ እንድትሆን አልፈልግም።

የድንጋይ ሰው፦
እህቴ ዝምተኛዋ፣ ኩሊሳት የራስ አስተዳደር ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነገር ነው። ዛሬ ግብሩንም ደንቡንም የሚወስኑት ዋና ከተማዋ ኑክ ያሉት የሕዝብ ተመራጮች ናቸው። በሂሳቡ ላይ ብርሃነ ያለው እውነት ነው፤ አንድ ማዕድን አይበቃም። ግን ሁሉም ማዕድን እየተዘጋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከየት ይመጣሉ? በዚያው አካባቢ ያለው ታንብሪዝ የተባለው ሌላ የብርቅዬ ማዕድናት ክምችት ዩራኒየሙ ዝቅተኛ ስለሆነ እገዳው አይነካውም። እሱንስ ትቃወማለህ?

ብርሃነ ሰሜን፦
ታንብሪዝን በጅምላ አልቃወምም። የዝቃጩ አያያዝ በግልጽ ከታየና የአካባቢው ሰው ከተስማማ ይቆፈር። እኔ የምቃወመው አጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ተከራክሮ፣ በምርጫም ወስኖ እምቢ ያለውን ነገር በነፃነት ስም መልሶ መጫንን ነው። አሁንም ጫናው አልቀረም፤ የኩዋነርሱይት ፍለጋ ፈቃድ ባለቤት የሆነው የአውስትራሊያ ኩባንያ ወይ የማውጣት ፈቃድ ወይ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ካሳ ይሰጠኝ ብሎ ከሷል። ከአገሪቱ ዓመታዊ በጀት በላይ ነው የጠየቀው! የድንጋይ ሰው፣ ሙያው ያንተ ስለሆነ አንድ ነገር መልስልኝ፦ ለፍለጋ ፈቃድ የሰጠ መንግሥት ለማውጣትም ቃል እንደገባ የሚቆጠር ከሆነ፣ የትኛው ትንሽ አገር ነው ደፍሮ ተራራውን ለፍለጋ የሚከፍተው?