ለሙዚቃ ቅንብርና ለግራፊክስ ሥራ በአነስተኛ ገንዘብ የሚገዛ የቤት ኮምፒውተር (ጥቆማ)

ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለማቀናበርና ዲዛይን ለመሥራት ኮምፒውተር የምትፈልጉ፣ እባካችሁ ሱቅ ገብታችሁ «ኮር አይ ሰቨን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሻጩ «አለ» ይላችኋል፤ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ7-4770 የተባለው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኮር አይ ሰቨን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይ5-8500 ግን በስም ቢያንስም በሥራ ይበልጠዋል፤ ያኛው አራት ኮር (ሥራ የሚካፈል ክፍል) አለው፣ ይኼኛው ስድስት።

መጠየቅ ያለበት ጀኔሬሽኑ (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እዩ፦ 8500 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10400 ከሆነ አሥረኛ ነው። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አትመኑ፤ ተነቅሎ ሊለጠፍ ይችላል። ኮምፒውተሩን አስነስታችሁ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። ከስምንተኛ በታች አትውረዱ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀምሮ ነው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ አይ5-7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው ቀጥሎ የመጣው አይ5-8250ዩ አራት አለው። ሃያ ትራክ ከፍቶ ማስተጋቢያና ኮምፕሬሰር የመሳሰሉ የድምፅ ማሳመሪያዎች ለሚጭን ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ከቤት ለማይወጣ ሥራ የእኔ ጥቆማ ውጭ አገር ቢሮዎች ተጠቅመውበት የመጣ ዴስክቶፕ ነው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 5060 ወይም 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720። ሦስቱም ጠንካሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ብዙ አታማርጡ፣ ንጹሑንና ዋጋው የቀናውን ውሰዱ። መጠናቸውን ግን ምረጡ። መጽሐፍ የሚያህለው ትንሹ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ሆኖም በአብዛኛው ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀነባብር ተጨማሪ ክፍል) የሚገባበት ቦታ የለውም። ከእሱ ከፍ የሚለው ቀጭን ሣጥን አጭር ካርድ ይቀበላል። ለፎቶሾፕና ለኢንክስኬፕ አብሮት የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃል። በብሌንደር ፕሮግራም ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ምስል መሥራት ስትጀምሩ እንደ ኳድሮ ፒ620 ያለ አጭር ካርድ ትጨምሩበታላችሁ።

ሰፈራችሁ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ፣ ወይም ሥራችሁን ይዛችሁ ስቱዲዮና ማተሚያ ቤት የምትሄዱ ከሆነ፣ ቲንክፓድ ቲ480 የሚባለው ላፕቶፕ ይሻላችኋል። ሁለት የራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ማስገቢያ ስላለው ይጨመርለታል። ቲ480ኤስ የሚባለው ቀጭኑ ግን አንዱ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ስትገዙ አደራ አትደባልቁ። የብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ስክሪን ቀለም ያደበዝዛል። እሱን አይታችሁ የሠርግ ጥሪ ካርድ ቀለም ብትመርጡ ከማተሚያ ቤት ሌላ ቀለም ሆኖ ይመጣል። ለዲዛይን ቀለም በደንብ የሚያሳይ፣ አይፒኤስ የሚባል ሞኒተር ለብቻው ግዙ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም1 ማክ ሚኒ ሦስተኛው አማራጭ ነው። የፋኑ ድምፅ አይሰማም፣ መብራት ይቆጥባል፣ ጋራጅባንድ የተባለው የሙዚቃ ፕሮግራምም በነፃ ይገኝለታል። ችግሩ ራሙ ኋላ የማይጨመር መሆኑ ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱ ብቻ ከተገኘ፣ ሙዚቃና ግራፊክስ ጎን ለጎን ለሚሠራ ሰው እኔ አልመክረውም።

በዊንዶውስ በኩል ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፣ ባለ 8 ሁለት ፍሬ ሆኖ። አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የሚጠቀመው ከዚያው ራም ስለሆነ በሁለት ፍሬ ሲሆን ይፈጥናል። ሲስተሙና የድምፅ ናሙናዎቻችሁ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ይቀመጡ፤ ሃርድ ዲስኩ ላለቁ ሥራዎች ማከማቻ ይሁን።

ብዙ ሰው ሳይገዛው የሚያልፈው ዩፒኤስን (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ነው፤ እኔ ከግራፊክስ ካርድ አስቀድመዋለሁ። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ማለት መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ብቻ ሰኩበት፤ ሌዘር ፕሪንተር በምንም ዓይነት እንዳይሰካበት፣ የሚስበው ኃይል ከባድ ነው።

ድምፅ ለምትቀዱ፣ የኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ ጫጫታ ስላለው አይረባችሁም። ክራርና ድምፅ በአንድ ጊዜ በሁለት ማይክ ለመቅዳት ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን) ያስፈልጋል፤ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ይህን ያደርጋሉ። ስካርሌት ሶሎ ዋጋው ቢቀንስም የማይክ መግቢያው አንድ ብቻ ነው።

ሶፍትዌር ላይ ደግሞ የተሰበረ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተከፈተ) ፕሮግራም አትጫኑ፤ ቫይረስ ይዞ ይመጣና የደንበኛ ሥራ ያበላሻል። ሪፐር የተባለው የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ ለ60 ቀን ሙሉ ሆኖ ይሞከራል፣ ለግለሰብ የሚሸጠውም በ60 ዶላር ነው። ከአገር ውስጥ በዶላር መክፈል ለቸገረው ለሙዚቃ ዌቭፎርም ፍሪ፣ ለዲዛይን ክሪታ፣ ኢንክስኬፕና ጊምፕ በነፃ ይገኛሉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት የግዕዝ ፊደሎችም በነፃ የሚወርዱ ናቸው።

የት ይገዛ ለሚለው፣ በቴሌግራም የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ቦሌ ወይም መገናኛ ያለ ሱቅ ትንሽ ቢያስከፍልም፣ ዋስትናውን በደረሰኝ ላይ በጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት የኃይል ሣጥኑን ጀርባ እዩ። «100-240» የሚል ከሆነ እዚህም ያለ ችግር ይሠራል፤ አንዳንድ አሮጌዎች ላይ ግን 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ አለ፣ 230 ላይ መሆን አለበት።

ስትሄዱ የራሳችሁን ከባድ ፕሮጀክት በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቱት፣ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አጫውቱት፣ ድምፁ እየተቆራረጠ እንደሆነ በሄድፎን አዳምጡ፣ የፋኑን ጩኸት ስሙ። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፤ የኤስኤስዲውን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እዩ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።