ጥቆማ፦ ቀስተኛው ከካርታው ውጪ ሲሆንባችሁ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የምናብ ጨዋታ በኦንላይን ካርታ ለምታጫውቱ ዲኤሞች (የጨዋታው መሪዎች) ነው። ውጊያው ከሩቅ ሲጀመር ካርታው አይበቃም። እኛም ላይ ደርሷል። የእኛ ካርታ ከዳር እስከ ዳር 40 ካሬ ነበር፤ አንዱ ካሬ 5 ጫማ ስለሆነ 200 ጫማ። ረጅሙ ቀስት ግን እስከ 600 ጫማ ይመታል። ጠላት ከካርታው ውጪ ቆሞ እኛ "ይደርሳል፣ አይደርስም" ስንባባል መሸ።

ካርታውን መለጠጥ አያዋጣም። 600 ጫማ በ5 ጫማ ስኬል 120 ካሬ ነው። ምስሉ ይከብዳል፣ ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይልቅ ሁለት ካርታ ያዙ፤ አንድ የሩቅ፣ አንድ የቅርብ። በሩቁ ላይ አንዱን ካሬ 30 ጫማ አድርጉት። አብዛኛው ተጫዋች በአንድ ተራ የሚሄደው 30 ጫማ ስለሆነ አንድ ተራ አንድ ካሬ ይሆናል፤ 600ው በ20 ካሬ ያልቃል። 50 ካላችሁ ግን በአንድ ተራ አንድ ካሬ እንኳ አይሞላም፣ ሒሳቡ ያሰለቻል።

የቱን የካርታ ፕሮግራም ልጠቀም ለምትሉ፣ ለጀማሪ ኦውልቤር ሮዲዮ ነው። በብራውዘር ይከፈታል፣ ተጫዋቾቹ አካውንት አይጠየቁም፣ ስኬሉን እዚያው ጽፎ መቀየር ይቻላል። ፋውንድሪን አንዴ ከገዛችሁት በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የለም፤ እያንዳንዱ ካርታም የራሱን ርቀትና መለኪያ ይይዛል። በአቅሙ እሱን የሚያህል አላየሁም። ግን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ካስነሳችሁት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጨዋታው ለሁሉም ይቋረጣል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያጫውት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የምመርጠው ሮል 20ን ነው። በነፃ ይጀመራል፣ ካርታው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ የእኔ ቤት ቢጨልም ዋሽንግተን ያሉት ጓደኞቼ አይወጡም። ስኬሉም በየገጹ ለብቻ ይስተካከላል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ በሩቁ ካርታ ላይ የሰያፍ አቆጣጠሩን ወደ ቀጥታ ርቀት ቀይሩት። በተለመደው ሕግ በሰያፍ የታለፈ ካሬም እንደ ሌላው አንድ ካሬ ስለሚቆጠር፣ 10 ካሬ በሰያፍ 300 ጫማ ይባላል፤ በቀጥታ ሲለካ ግን 424 ገደማ ነው። ለቀስተኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ጠላት 150 ጫማ ውስጥ ሲገባ ወደ ቅርቡ ካርታ እለፉ። በ5 ጫማ 30 ካሬ ነው፣ 40 ካሬ ካርታ ላይ ተመቻችቶ ይገባል።