ጓንዡ ለምትመጡ፦ ሆቴል ስትይዙ መጀመሪያ ሪሴፕሽኑን እዩ

ሰላም ለሁላችሁ።

ትናንት ከዱባይ የጻፈችው እህታችን ለጥቅምቱ የንግድ ትርኢት እናቷን ይዛ ወደዚህ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ልትመጣ ነው። «ውድ ሆቴል አቅሜ አይፈቅድም፤ ርካሹ ደግሞ ለእናቴ አይሆንም፤ መካከለኛ የቱን ልያዝ?» ነው ጥያቄዋ። ብዙዎቻችሁ የሆቴል ስም ጽፋችሁላታል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስ። እዚህ ከተማ ስኖር 9 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ካርጎ ነው። ከአዲስ አበባም ከገልፍም የሚመጣ እንግዳ እየተቀበልኩ ሆቴል አስገባለሁ።

እህቴ፣ እዚህ ሀገር ሆቴል ስትይዢ ከአልጋው በፊት ሪሴፕሽኑን እዪ። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው እዚህ ዘመዱ የሪሴፕሽኗ ልጅ ናት። ፖሊስ ዘንድ የምታስመዘግብሽ እሷ ናት። የታክሲው ሹፌር መንገድ ሲጠፋበት ስልክ ተቀብላ የምታናግረው እሷ ናት። ፋብሪካው የላከልሽን ናሙና ተረክባ የምታስቀምጥልሽም እሷው ናት። በርካሹና በመካከለኛው ሆቴል መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የምትከፍዪው ለዚህ ነው።

ከምዝገባው ልጀምር። ቻይና የገባ የውጭ ሰው የት እንዳረፈ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ከያዝሽ ሥራው የሆቴሉ ነው። ፓስፖርትሽን ይቀበላሉ፣ ስካን ያደርጋሉ፣ አለቀ። አንድ ክፍል ብትይዙም የእናትሽም ፓስፖርት ይፈለጋል። ዘመድ ቤት ካረፍሽ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ራስሽ ወይም አሳዳሪሽ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ጣቢያውን «ፓይ ቹ ሱዎ» ይሉታል። ያልተመዘገበ ሰው እስከ 2000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል። ቪዛ ላራዝም ያለም መጀመሪያ የሚጠየቀው ያችኑ የምዝገባ ወረቀት ነው። «ጓደኛዬ ጋ አርፌ ገንዘብ ላትርፍ» የሚሉ እንግዶቼን ሁሌ የማስጠነቅቀው ለዚህ ነው።

እኔ ራሴ ተምሬበታለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሌላዋ የንግድ ከተማ ከኢዉ በባቡር መጣሁ። ሆቴሉን በስልክ ይዤ ከፍያለሁ። ርካሽ ነበር። ከተማ ስገባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልጁ ፓስፖርቴን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፦ «የውጭ ሰው አንቀበልም»። ብለምነው፣ ብለምነው አንገቱን ይነቀንቃል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ሁለተኛው ሆቴልም መለሰኝ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ልጅ ፓስፖርቴን ተቀብላ መመዝገቢያው ላይ የሚሞላውን ስላላወቀች ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ በስልክ እየነገራት ግማሽ ሰዓት ያህል ስትሞላ ቆየች። እስክትጨርስ ሶፋው ላይ አስቀምጣኝ በወረቀት ኩባያ ሙቅ ውሃ ሰጠችኝ። ክፍሉ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ውሃውን ግን አልረሳውም።

አሁን ነገሩ በጣም ተሻሽሏል። በ2024 መንግሥት ሆቴሎች «ፈቃድ የለንም» ብለው የውጭ እንግዳ እንዳይመልሱ አዟል። ቢሆንም ትንንሾቹ ጋ የውጭ ፓስፖርት መዝግቦ የማያውቅ ሠራተኛ አሁንም አለ። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት እንግዶች ስለ ሆቴሉ የጻፉትን አስተያየት አንብቢ። በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ የጻፈ እንግዳ ካለ የውጭ ሰው ያስተናግዳሉ ማለት ነው። ለእናትሽ የምመርጠው የታወቁትን መካከለኛ ሆቴሎች ነው። አቱር፣ ጂ ሆቴል፣ ቪየና ሆቴል የሚባሉት በየሰፈሩ ቅርንጫፍ አላቸው። ትርኢት በሌለበት ጊዜ እኔ እንግዶቼን የማስገባው አብዛኛውን ከ300 እስከ 500 ዩዋን ነው።

ትርኢት ሲኖር ግን ዋጋው ሌላ ነው። አንቺ የምትመጪበት ትርኢት የካንቶን ትርኢት ይባላል፤ ካንቶን የጓንዡ የድሮ ስም ነው። ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመከር። የመከሩ ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 4 ነው፤ በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ 5 ቀን። የመጀመሪያው ዙር ኤሌክትሮኒክስና ማሽን፣ ሁለተኛው የቤት ዕቃ፣ ፈርኒቸርና የግንባታ ዕቃ፣ ሦስተኛው ልብስ፣ ጫማና መጫወቻ ነው። አንቺ የምትፈልጊው የቤት ዕቃ ከሆነ ሁለተኛው ዙር ይበቃሻል። ከኦክቶበር 23 እስከ 27 ነው። ቀኑን ሳታዪ ለሦስት ሳምንት አትያዢ። በዙሮቹ መካከል ዋጋው ረገብ ይላል። ፎሻን ሄደሽ ሴራሚክ ለማየት እነዚያ ቀኖች ጥሩ ናቸው። ደግሞ ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት እንዳትመጪ። ባቡሩ ሙሉ ነው፣ ብዙ ፋብሪካ ዝግ ነው።

ሰፈሩስ? እዚህ ላይ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር አልስማማም። ትርኢቱ ፓዡ የሚባለው ሰፈር ስለሆነ «ፓዡ ያዢ» ብላችኋታል። ብቻሽን ብትሆኚ እሺ። ከእናትሽ ጋር ግን ሺያዎቤይ አካባቢ ይሻልሻል። የሜትሮ መስመር 5 ላይ ነው። አፍሪካውያንና ዓረቦች ለዓመታት የኖሩበትና የነገዱበት ሰፈር ነው። ምግብ አለ፣ ሐላል ምግብ ቤት በየመታጠፊያው ነው፣ የሀበሻ ፊት ታያለሽ። አንቺ ትርኢት ውለሽ ስትመጪ እናትሽ ከመስኮት ሰማይ ስታይ አትውልም። ሳንዩዋንሊ ያለው የቆዳና የቦርሳ ገበያም ሩቅ አይደለም። ትርኢቱ ጋ ለመድረስ በሜትሮ መስመር እየቀያየርሽ አንድ ሰዓት ያዢለት። አንዳንድ ሆቴሎች በትርኢቱ ሰሞን ነጻ አውቶቡስ አላቸው፤ ስትይዢ ጠይቂ።

ስለ መስኮት ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ይሸጣል። ስዕሉ ላይ መጋረጃ ታያለሽ፣ ስትገልጪው ግድግዳ ነው። ዋጋው ከሌላው 50 እና 60 ዩዋን ከቀነሰ ጠርጥሪ። «ዮው ቹዋንግ» ማለት መስኮት ያለው ነው፤ «ዉ ቹዋንግ» የሌለው። ሁለት አልጋ ስትፈልጊ «ሹዋንግ ቹዋንግ ፋንግ» በያቸው። የማይጨስበት ክፍል ደግሞ ለይተሽ ጠይቂ። የሲጋራ ሽታ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ለትልቅ ሰው ከባድ ነው። ሽታ ካለው ሻንጣ ሳትፈቺ ወዲያው ውረጂና አስቀይሪ። አያኮርፉም።

ክፍሉ ራሱ ጥሩ ነው። ስትገቢ ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው ማስገቢያ ትከቺያለሽ፤ ያኔ መብራቱ ይበራል። ማንቆርቆሪያ አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ ሻይ አለ፣ ነጠላ ጫማ አለ። ፍራሹ ጠንከር ይላል። ለእናትሽ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አስመጪና አንሶላው ስር አንጥፊላት። የኛ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ምግብ ክፍል ድረስ በሚያመጣው ሮቦት ነው። ምግብ አዝዘሽ ከሆነ ስልኩ ይጮኻል፣ የማሽን ድምፅ በቻይንኛ ያወራል። በሩን ስትከፍቺ ወገብሽ የሚደርስ ነጭ ነገር ቆሟል። ክዳኑ ሲከፈት ምግቡን ታነሺያለሽ። እሱ ዞሮ ወደ አሳንሰሩ ይሄዳል። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያት። ባለፈው ዓመት ያስተናገድኳት አንዲት እናት በር ላይ አይታው አማትባ ዘግታበታለች። በሦስተኛው ቀን ግን «ልጄ መጣ» ትለው ጀመር።

ቁርስ። እናትሽ የጽጌን ጾም እንደምትጾም ጽፈሻል። ትርኢቱ ከጽጌ ጋር ይገጥማል። የሆቴል ቁርስ ላይ የምትበላው አታጣም። ነጭ የሩዝ አጥሚት አለ፤ «ባይ ዡ» ይሉታል፤ ጨው የለውም፣ ከጎኑ ለውዝና የተቀመመ አትክልት ታደርጊበታለሽ። ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት አለ፣ «ዶው ጂያንግ»። ድንች፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች በእንፋሎት የበሰለ አለ። ማንቶ የሚባለው ነጭ ዳቦ ውስጡ ባዶ ነው። ተመሳሳዩ «ባዎ ዚ» ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ሳትቆርሱ አትብሉ። ቶፉና ጎመን ላይም ተጠንቀቁ፤ በአሳማ ስብ የሚጠብስ ወጥ ቤት አለ። «ዎ ቺ ሱ» ማለት ጿሚ ነኝ ለማለት የሚቀርበው ነው፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። እንቁላልና ወተት እንደማትበላ ግን ለብቻው መንገር ያስፈልጋል። የሪሴፕሽኗን ልጅ በቻይንኛ ወረቀት ላይ አስጽፊና እናትሽ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዘው።

ወረቀት ካልኩ፣ የሆቴሉን አድራሻና ስልክ የያዘውን ካርድ ሁለት ውሰጂ። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የእናትሽ። እንግሊዝኛውን ስም ለታክሲ ሹፌር ብትነግሪው አያውቀውም። በቻይንኛ የተጻፈውን ሲያይ ግን ሳይጠይቅ ይነዳል።

ገንዘብ ላይ ብዙ አልልም። እዚህ በስልክ የሚከፈልባቸውን አሊፔይንና ዊቻትን ከዱባይ ሳትነሺ ስልክሽ ላይ ጫኚ፣ የባንክ ካርድሽን አያይዢ፣ ፓስፖርትሽን አስመዝግቢ። በአንድ ግዢ እስከ 200 ዩዋን ያለ ኮሚሽን ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ 3 በመቶ ይቆርጣል። የሆቴሉን ሂሳብ ክፈዪ፣ መያዣ ከጠየቁሽም ደረሰኙን አትጣዪ። ጥሬ ዩዋን ጥቂት ይኑርሽ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

በሆቴሉ ዋይፋይ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ጉግል አይሠሩም። ከዱባይ ሮሚንግ ወይም ኢሲም (ያለ ካርድ ስልክ ላይ የሚጫን ሲም) ገዝተሽ ነይ፤ በሱ ይከፍታል። ይህን ያልነገርኩት አንድ ወንድም ሁለት ቀን ቤተሰቡ ሲፈልገው አድሯል። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ናሙናዎችሽን ፋብሪካዎቹ ወደ ሆቴሉ እንዲልኩልሽ አድርጊ። ካርቶኑ ላይ ስምሽ፣ የክፍል ቁጥርሽና ስልክ ይጻፍ። ሪሴፕሽን ይቀበልልሻል። በመጨረሻው ቀን ክፍሉን እስከ እኩለ ቀን ትለቂያለሽ፤ በረራሽ ማታ ከሆነ ሻንጣና ካርቶኑን እነሱ ጋ አስቀምጠሽ እናትሽን ይዘሽ ዩዌሽዩ መናፈሻ ሂዱ። ቅርብ ነው፣ ዛፉ ብዙ ነው።

*

ከቨርጂኒያ ለጻፉት ጋሼ፦

የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዙ፣ ጓንዡ ላይ ወርደው ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥሉ ከሆነ ያለ ቪዛ እስከ 240 ሰዓት መቆየት ይችላሉ። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ነው ከ144 ሰዓት ወደዚህ ያደገው። ዋናው ነገር መድረሻዎ ሦስተኛ ሀገር መሆን አለበት። ከዋሽንግተን መጥተው ወደ ዋሽንግተን ከተመለሱ አይሆንም። የቀጣዩ በረራ ቲኬት ቀኑ የተቆረጠ ይሁን። የሆቴሉን ማስያዣም አትመው ይያዙ፤ የመግቢያ ካርዱ ላይ የሚያርፉበትን አድራሻ ይሞላሉ። የልጅዎ ጓደኛ ጋ አርፋለሁ ብለዋል፤ ከላይ የጻፍኩት ምዝገባ እርስዎንም ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እንኳ ሆቴል ቢያርፉ ይሻላል እላለሁ። ከረጅም በረራ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ መያዝ ይከብዳል።

*

እህቴ፣ የማታውን መልእክትሽን አሁን አየሁት። እናትሽ «ጀበናዬን ይዤ ልምጣ?» ብላለች አልሽ። ትምጣ። ግን በልብስ ጠቅልላ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ትያዘው። ቡናው ተቆልቶ ተፈጭቶ ይምጣ። ክፍል ውስጥ መቁላት አይቻልም፣ እጣንም አይቻልም፤ ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ። ውሃውን በማንቆርቆሪያው አፍልታ ጀበናው ላይ ትገልብጠው፣ እስኪጠል ትጠብቅ። እንደ ቤት አይሆንም፣ ግን ይጠጣል። ስኒ ስትቆጥር አንድ ትጨምር፤ ለሪሴፕሽኗ ልጅ።